ምጣዱ የማን ተራ ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ቤት ለቤት

ብዙ ሰው ወደ ሐረር የሚሄደው ጅብ ሲበላ ለማየት ነው። ወይ ግንቡን ለመዞር። እኔ ዘንድሮ የወጣሁት ቤት ለማየት ነው። ቤት ስል ግድግዳና ጣሪያውን ብቻ አይደለም። እንጀራ የት ይጋገራል? ውሃ መቼ ይመጣል? የመብራት ሂሳብ ማን ይከፍላል? እንግዳ የት ይቀመጣል? ቤቱስ በማን ስም ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ነው የተነሳሁት።

እምነቴን ከወዲሁ ልናገር። አንድ ቤተሰብ ጓዳው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ግማሹን የሚወስነው ከቤት ውጭ ያለ ኃይል ነው። አዋጅ ይወጣል፣ ግድብ ይገደባል፣ ሐዲድ ይዘረጋል። ከዓመታት በኋላ ውጤቱን የምታገኘው ሌሊት ተነስታ ምጣድ በምትጥድ እናት ላይ ነው። ሌላውን ግማሽ የምትወስነው ግን እሷው ናት። ስለዚህኛው ግማሽ ደግሞ የሚጻፍ ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ሰኞ፣ ጉለሌ

ጉዞው የጀመረው ከከተማ ሳልወጣ ነው። የጓደኛዬ እናት የሚኖሩት ጉለሌ፣ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ የግቢ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ብዙ አባወራ። ቤቶቹ የጭቃ ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። እማማ እዚህ የገቡት በደርግ ጊዜ ነው።

ግቢው ድሮ የአንድ ሰው ነበር። ባለቤቱ ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ይኖራሉ፤ ከኋላ ያሉትን ሰርቪሶች ያከራያሉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይበቃዋል ተባለ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት። ኪራይም ተቀነሰ። ትንሽ ይከፍል ለነበረው ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ።

እማማ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ሁለት ነገር አከታትለው ይናገራሉ። «ውጡልኝ የሚለኝ አከራይ ቀረ» ይላሉ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ደግሞ፣ «ጣሪያው ሲያፈስ አለሁ የሚለኝም ቀረ» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ስለዚያ አዋጅ የሚከራከር ሰው እኚህን እናት ቢያነጋግር ደስ ይለኛል። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቆየ። በዚያ ገንዘብ ቀበሌው ምን ያድሳል? ተከራይስ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን እንዴት ያፈስሳል? ልጅ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያገባል። ቤቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ክፍሉ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ቆጥ ይሠራል። እማማ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ አድሯል፤ የልጅ ልጃቸው የሚያጠናው ቆጡ ላይ ነው።

ያ አዋጅ ቤቱን ብቻ አይደለም የቀየረው። ቀበሌ የሚባለውን መዋቅር ራሱን ያመጣው እሱ ነው። የቤት ቁጥር ተሰጠ፣ የቤተሰብ ብዛት ተመዘገበ። በሕብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚታደለው በዚያ መዝገብ ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ መንግሥት የሚያውቀው በስኳሩ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ተወለደ ሲባል ለማስመዝገብ ይሮጡ እንደነበር እማማ ነግረውኛል።

አሁን ወደ ምጣዱ ልምጣ። የግቢው ዋና ሕግ የምጣድ ተራ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ቆጣሪ ደግሞ አንድ ነው። ሁለት ምጣድ እኩል ከተሰካ መብራቱ ይደክማል፣ ወይም ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሴቶቹ ቀን ተከፋፈሉ። ማክሰኞና ዓርብ የእማማ ነው። ሊጥ ግን ተራ አይጠብቅም። አብሲት ተጥሎ ኩፍ ካለ በኋላ ቢያድር ይኮመጥጣል። መብራት በተራሽ ቀን ከጠፋ ከጎረቤት ጋር ትቀያየሪያለሽ። የታመመች ካለች፣ የወለደች ካለች፣ ለቅሶ ካለ ተራው ለእሷ ይለቀቃል።

ሂሳቡም የራሱ ስሌት አለው። ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ይህን ያህል። ምንም የተጻፈ ነገር የለም። የግቢውን ወንዶች ጠየቅኳቸው። በወር ስንት እንደሚያዋጡ ያውቃሉ። ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።

ማክሰኞ፣ የካ አባዶ

የእማማ የእህት ልጅ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ20/80 ፕሮግራም ሃያ በመቶውን ነዋሪው ይቆጥባል፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድራል። ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ነው። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ እንዲወጣ መደረጉ፣ በእኔ ዓይን፣ ከሕንፃዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። በዚህች ከተማ ብዙ ሴት በስሟ የተጻፈ ቤት ያገኘችው በዚያ መንገድ ነው። ይህቺ የማወራላችሁ ልጅ አንዷ ናት። ካርታው ላይ ያለው ስም የእሷ ብቻ ነው።

ቤቱ ንጹህ ነው። የራሷ ሽንት ቤት፣ የራሷ ቆጣሪ አላት። ቆጣሪው የካርድ ነው፤ ቀድማ ትሞላለች። ከማንም ጋር አትጨቃጨቅም። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ማእድ ቤቱ ግን ሰው ዞር የሚልበት አይደለም። ምጣዱን ያስቀመጠችው በረንዳ ላይ ነው። እንፋሎቱ ሳሎን ከገባ ልብሱ ሁሉ እንጀራ እንጀራ ይሸታል።

እንዲህ ያለው ነገር ሲታቀድ ታስቦበት ነበር። ለጋራ መጠቀሚያ ተብሎ ከብሎኮቹ አጠገብ ኮሚናል የሚባሉ ትንንሽ ቤቶች ተሠርተዋል። እንጀራ ይጋገርበት፣ በግ ይታረድበት፣ ልብስ ይታጠብበት ተብሎ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን አራት ፎቅ ሊጥ ተሸክማ ወርዳ፣ እንጀራ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ስንት ቀን ትችላለች? እኔ ባየሁት ብሎክ አንዱ ኮሚናል ዕቃ ማከማቻ ሆኗል፤ ሌላው የዕድር መሰብሰቢያ። ለእንጀራ የሄደ የለም።

ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሌሊት ይመጣል፤ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ግፊቱ ይደክመዋል። ስለዚህ ማእድ ቤቱ ጥግ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጄሪካን ተደርድሯል። የበርሜሉ ቦታ በፕላኑ ላይ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤት ሲነደፍ የውሃ ማጠራቀሚያ ቦታ እንደ መኝታ ክፍል አብሮ መነደፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማወቅ አንድ ሌሊት ከአንዲት እናት ጋር ማደር ይበቃል።

ረቡዕ፣ ባቡር ላይ

ከፉሪ ለቡ ተነሳን። ባቡሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ የተመረቀው በ2009 መጀመሪያ ነው። አሮጌው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነበር። መቶ ዓመት መሆኑ ነው።

ሞጆን ስናልፍ ስለ ቆቃ አሰብኩ። ቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ሲጀምር ጣሊያን በጦርነት ካሳ በከፈለችው ገንዘብ የተሠራ ነበር። ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ለዛሬ ትንሽ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከተማ ውስጥ አምፖል፣ ራዲዮ፣ ካውያ የገባው በእነዚያ ሜጋ ዋቶች ነው። ከወረራ ካሳ የመጣ መብራት የስንቱን ልጅ ደብተር እንዳበራ ሳስበው ይገርመኛል።

መተሐራንና አዋሽን ስናቋርጥ ከላያችን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ግራና ቀኝ ደግሞ ከጎጆ የሚወጣ የእንጨት ጭስ። ሽቦው አጠገባቸው ያልፋል፣ ቤታቸው ግን አይገባም። አብራኝ የተቀመጠች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ምርጥ ምድጃ አወራችልኝ። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። «መብራት እስኪመጣ ዓይናቸው አይጠብቅም» አለችኝ። ስለ ጭሱ ነው።

ሐሙስ፣ ድሬዳዋ

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ በባጃጅ ገባሁ። ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ ናት። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከተማዋም ከዚያ ወዲህ ናት። ከዚራ በኩል መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ለባቡር ኩባንያው ሰዎች የተሠራ ነው። ደቻቱን ስትሻገር መጋላ አለ፤ ሱቁ፣ መስጊዱ፣ ጠባብ መንገዱ። ደረቅ ወንዝ ነው ብለህ ትሻገራለህ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የሞቱት አብዛኞቹ ተኝተው ነው። ቤታቸው ወንዙ ዳር የሆነው ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ነው።

ያረፍኩት የጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። ጋሼ ስለ ኩባንያው ቤቶች ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። የቤቱ ስፋት፣ የበረንዳው ስፋት፣ ሁሉም በሥራ ደረጃ ነበር። የማን አባት ምን እንደሚሠራ ሳትጠይቅ ከበረንዳው ታውቃለህ አሉኝ።

እዚህ የቤቱ ሥርዓት የሚከተለው ሙቀቱን ነው። ምግብ የሚበስለው በጠዋት ነው። ከሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው በርጫ ይቀመጣሉ። ቬንትሌተሩ ያለበት ክፍል የሁሉም ነው። ማታ ፍራሹ ወደ ግቢ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ሕፃኑን ማን ያራግብ የሚለው ነው። ያን ሌሊት ያራገበችው ምራታቸው ናት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ሥራ ገብታለች።

ይህቺ ምራት ሕግ የተማረች ናት። ከእራት በኋላ ረጅም ጨዋታ ተጫወትን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ባል ነው ይል ነበር። ባልየው አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራም ያዛል። የቤት ሥራ በሕግ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ደርግ ሄዶ፣ ሕገ መንግሥት ወጥቶም ያ ሕግ ለዓመታት ቆየ። የተለወጠው በ1992፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ።

«አዋጁ ፊርማዬን እኩል አድርጎልኛል» አለችኝ። «ማራገቢያውን ግን እስካሁን አላካፈለልኝም።» ባሏ አጠገባችን ነበር። ዝም አለ። ጋሼ ግን ዝም አላሉም። «እውነቷን ነው፤ እኔም እናቷን እንዲሁ አድርጌያታለሁ» አሉ። እናቷ ሲሉ ሟች ባለቤታቸውን ነው።

ዓርብ፣ ሽቅብ ወደ ሐረር

ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሐረማያ ላይ ሐይቁን ለማየት ወረድኩ። የሐረር ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ውሃ ያገኝ የነበረው ከዚህ ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ውስጥ ቧንቧው ጌጥ ሆነ። ውሃ በአህያ፣ በቦቴ፣ በጄሪካን መጣ። በኋላ ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከቆላው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ወደ ላይ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። እኔ በመኪና የወጣሁትን ዳገት ውሃውም ይወጣዋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሐረር ውሃም ይጠፋል።

ሐይቁ ተመልሶ አይቼው በጣም ደስ አለኝ። ዳሩ ላይ አትክልት አለ፣ ወፍ አለ። ያረፍኩበት ቤት ያለች ሴት ግን አሁንም ሮቶዋን ሞልታ ነው የምትተኛው። በውሃ ጥም ያለፈ ቤተሰብ ልማዱን ቶሎ አይተውም።

ቅዳሜ፣ ጁገል ውስጥ

አሮጌዋን ሐረር የከበበውን ግንብ፣ ጁገልን፣ ያሠሩት የከተማዋ ገዢ አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በአሚሮቹ ዘመን ማታ በሮቹ ተዘግተው ቁልፉ ለአሚሩ ይወሰድ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ መግባትም መውጣትም የለም። ከተማው በሙሉ እንደ አንድ ቤት ይቆለፋል።

መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ በልብስ ሰፊዎቹ መሃል አልፌ አንድ የጥንት የሐረሪ ቤት ገባሁ። ጫማ አውልቄ። ከውጭ ግድግዳው ዝም ያለ ነው፣ ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት የለውም። ከውስጥ ግን ዓይን የሚያርፍበት ይጠፋዋል። ግድግዳው ሙሉ ስፌት፣ ሣህንና ጎድጓዳ ጎድጓዳ መደርደሪያ ነው። ወለሉ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ነደባ ይሉታል። አምስት ነደባ አለ።

የቤቱ እመቤት አንድ በአንድ አሳዩኝ። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የክብር እንግዳ ነው፤ በሩን ፊት ለፊት ያያል። አጠገቡ ጦር የሚሰካበት ቦታ አለ። ግድር ነደባ ሰፊው ነው፣ ቤተሰብና እንግዳ የሚቀመጥበት። ጢት ነደባ ትንሿ ናት፤ ለሽማግሌና ለተማረ ሰው። ከበሩ ኋላ ያለው ለመልእክተኛና ለታናናሾች። ሱትሪ ነደባ ከለል ያለ ነው፤ ሰው የሚያርፍበት። ጎን ላይ ኪርታት የምትባል ክፍል አለች። አዲስ ሙሽሮች የሚቆዩት እዚያ ነው፣ ምግብ እየገባላቸው። በሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል።

እንግዲህ ይህን ቤት የሠራ ሰው ማን የት እንደሚቀመጥ በጭንጫና በጭቃ ጽፎታል። እዚህ ቤት የገባ ሰው ቦታዬ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። ይህ ለእኔ የሚከብድም የሚያስደንቅም ነገር ነው። የሚከብደው፣ ከፍታው ለወንዱ ጌታ መሰጠቱ ነው። የሚያስደንቀው፣ የደከመ ሰውም የራሱ ቦታ የተሠራለት መሆኑ ነው። ጉለሌ ግቢ ውስጥ እማማ ሲታመሙ የሚተኙበት ከለል ያለ ጥግ የላቸውም።

የነደባው ቀይ አፈር ለጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው ይላሉ። በ1879፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፈው ሐረርን ያዙ። ከዚያ በፊት ግብፆች አሥር ዓመት ገዝተዋት ነበር። እመቤቷ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አልቀየሩም። ቡና እየቀዱ ነው የነገሩኝ። ሐዘን በየቀኑ የሚቀመጡበት ወለል ሆኖ ሲኖር እንዲህ ነው መሰለኝ።

ታሪኩ እዚያ ላይ አልቆመም። በ1940 የሐረሪዎች የፖለቲካ ተቃውሞ ከሆነው ከኩሉብ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙ ወንዶች ታሰሩ፣ ብዙ ቤተሰብም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ከተማ ተበተነ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጁ በግንቡ ዙሪያ የነበረውን እርሻ ወሰደ፤ የሐረሪ ቤተሰብ ዋና ገቢው እሱ ነበር። ለአራሹ ገበሬ ፍትሕ ነበር። ለዚህ ቤት ግን ጓዳው ባዶ የሆነበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የትርፍ ቤቱ አዋጅ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ከነበሩት ሁለት ቤቶች አንዱ ለቀበሌ ተሰጠ። አሁንም እዚያ የሚኖረው ሌላ ቤተሰብ ነው። ሰኞ ጉለሌ ላይ የሰማሁትን ያንኑ የአዋጅ ቁጥር እዚህ ከሌላኛው ወገን ሰማሁት።

ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬ ይዋደዳሉ። ልጆቻቸው አብረው አድገዋል። ሕዝቡ የሚረዳዳበት አፎቻ አለ፤ የሴቶች ለብቻ፣ የወንዶች ለብቻ፣ ለሰርግና ለሞት። ጎረቤቷ ሐረሪ አይደሉም፤ ዕድራቸው ሌላ ነው። ሰው ሲሞት ግን ድስቱ ከሁለቱም ቤት ይወጣል።

እሁድ፣ ጁገል

ጠዋት ማእድ ቤቱን ለማየት ጠየቅኩ። እንግዶች ሁሉ ነደባውን ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ፤ ማእድ ቤቱን የጠየቀ እንደሌለ እመቤቷ ነገሩኝ። ግቢው ጥግ ያለ ጥቁር ክፍል ነው። ከሰል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱንም የሚይዙት መብራት ከጠፋ ጋዙ፣ ጋዝ ከጠፋ ከሰሉ እንዲኖር ነው።

ቤቱን በከፊል የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት ነው። ጁገል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ነው። ቅርስ ስለሆነ እንደፈለጉ ማፍረስም መቀጠልም አይቻልም። እሳቸውም ማፍረስ አይፈልጉም። ሁለት ነገር ነው የሚሹት። አንደኛ፣ ለእንግዳ የሚሆን ሽንት ቤት። ሁለተኛ፣ ማእድ ቤቱ ላይ ጭስ መውጫና መስኮት። ስለ ነደባው የሚያማክራቸው ባለሙያ ብዙ ጊዜ መጥቷል። ስለ ማእድ ቤቱ አንድም ሰው ፕላን አላመጣላቸውም። መስኮቱ የቱ ጋ ቢከፈት ጎረቤት እንደማያይ፣ ጭሱም ወደ ነደባው እንደማይመለስ እሳቸው ያውቃሉ። በእጃቸው ግድግዳው ላይ ለክተው አሳዩኝ። ልክ የትከሻቸው ከፍታ ላይ፣ በስተምሥራቅ በኩል ነው። ወረቀት አውጥቼ ልኬቱን ወሰድኩ። አዲስ አበባ ያለ አርክቴክት ወዳጄ እንዲስልላቸው በዚያው ቀን ላክሁለት።